ውብሸትን ለማሠራት የወሰደችው ቀይ ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ፣ ድሬዳዋ ላይ ውሻ እንኳ ከጥላው በማይነቃነቅበት ሰዓት፣ ውብሸት ምሳውን በልቶ ሳቢያን ካለው ቤቱ በረንዳ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ ሕልም አየ።

በመጀመሪያ ግን ምን እያሰበ እንደተኛ ማወቅ ይበጃል። ውብሸት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ሲሆን ወገቡ ግን እሱ እንደሚለው ሰባ አልፎታል። አንዲት ቀይ የጃፓን ሞተር አለችው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ ለሩጫ የተሠራች፣ ነጂዋን ነዳጅ ጋኑ ላይ የምትደፋ ሞተር ናት። የሰጡት ጋሽ ኪሮስ ናቸው። ጋሽ ኪሮስ የባቡር ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበሩ። ውብሸት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጣቢያው በር ላይ ሻንጣ ሲሸከም አዩትና ወስደው ሙያ አስተማሩት። አርጅተው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሞተሯን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖሩለት። እሱ መሬት መሬት እያየ “እሺ” ብቻ አለ። በዓመቱ ሞቱ። ውብሸት ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተሯን ዘይት ከማስቀየር በቀር አንድ ብሎን አላስፈታባትም። ለጠየቀው ሁሉ “ኦሪጅናል ናት፣ ጋሼ እንደሰጡኝ ናት” ይል ነበር።

ችግሩ የሚስቱ የስንዱ ጉልበት ነው፤ አምና ጅማቱ ተበጠሰ። የኋላ መቀመጫው ጠባብና ከፍ ያለ ስለሆነ መውጣት አቃታት። አርብ ማታ እግሯን እያሸች፣ ከኋላው ተቀምጣ የከዚራን ሰፈር አንድ ዙር ዞራ ብትመጣ ደስ እንደሚላት እንደ ዋዛ ተናገረች። ሞተር በማስዋብ የሚታወቀው ወዳጁ ሙራድ መፍትሔ ነበረው። መቀመጫውን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ፣ መሪውን ደግሞ ለወገቡ ሲል ከፍ ማድረግ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ መልሱን እንደሚሰማ ተናግሮ ሄደ። ውብሸት ደግሞ የሞቱትን ያክብር ወይስ በሕይወት ያለችውን ያስደስት ሲያወጣ ሲያወርድ እንቅልፍ ወሰደው።

ሕልሙ ከዚራ ላይ ጀመረ። ሞተሮች በዛፎቹ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ቀዝቃዛ ቤንዚን በብርጭቆ ይጠጡ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ ፀሐይ ላይ፣ በአንድ እግራቸው፣ ሁሉም ወደ ግራ ዘንበል ብለው ቆመው ነበር። ውብሸትም ከመካከላቸው ነበረ። እንዳይሰረቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰንሰለት ታስሮለታል። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ስለታሰበለት ደስ አለው።

ቀይዋ ሞተር ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣች። ሰንሰለቱን ፈትታ፣ ጆሮውን ይዛ እየገፋች ጋራዥ ወሰደችው። ባለ ጋራዡ መነጽር ያደረገ ሰማያዊ ባጃጅ ነበር።

“ሰውዬው አርጅቷል” አለችው። “እንዳለ ላቆየው ወይስ ሞዲፋይ ላስደርገው፣ ግራ ገባኝ።”

ባጃጁ ውብሸትን ሁለት ጊዜ ዞረው። ጉልበቱን በመፍቻ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ወገቡ ተቆርጦ አዲስ ቢገባለት፣ ፀጉሩ አረንጓዴ ቢቀባ፣ ሲስል ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው ጉሮሮው ላይ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ቢገጠምለት መልካም እንደሆነ አስረዳ። የሠራውንም አሳየ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ነበር፣ ጉልበቶቹ ላይ መብራት የተገጠመለት፣ ክንዶቹ ወደ ኋላ የዞሩ። እናቱ በዚያ ስታልፍ እንደ ባዳ እጅ ነሥታው ሄደች።

“ስሙ ማን ነበር?” አለ ውብሸት።

“ቀይረነዋል” አለ ባጃጁ።

በወዲያኛው ጥግ ደግሞ የመስታወት ሣጥን ነበር። ውስጡ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው በአራስ ልጅ ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ተረከዙ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስላሳ ነው። አንድ አሮጌ ስኩተር ይጠብቀዋል። ቀይዋ ሞተር ሰውዬው ይሄድ እንደሆነ ስትጠይቅ ስኩተሩ ደነገጠ።

“እንዴት ተደርጎ? ኦሪጅናል እኮ ነው።”

ሰውዬው መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ መንገዱን ያይ ነበር። ቀይዋ ሞተር ብዙ ቆማ አየችው። ውብሸት የጋለ ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚያሰማውን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ከሆዷ ሰማ፤ ማዘኗ እንደሆነም ገባው።

ከዚያ በር ሳይከፍቱ ደቻቱ ደረሱ። ወንዙ ሽቅብ ይፈስ ነበር። ሴቶች ዳር ተቀምጠው ውኃውን በአሸዋ ያጥቡታል። መሀል ላይ አንድ ቢሮ አለ። ሹማምንቱ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ውጭ ተሰልፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ማንጎ ሻጭ ተቀምጣ፣ ባለጉዳይዋ ስብሰባ ላይ ስለሆነች ሁሉም ነገ እንዲመለሱ ትነግራቸው ነበር። ሹማምንቱ አመስግነው ይሄዱና መልሰው ከመጨረሻ ይሰለፋሉ። ውብሸትንና ሞተሯን ግን አስገባቻቸው። ሰው ለማሠራት የሰውዬው ሊብሬ ያስፈልጋል አለች። ሊብሬው ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ባዶ ነበር።

“ማን ሠራው?” አለች ማንጎ ሻጯ።

“ኪሮስ የሚባሉ ሰው ናቸው” አለች ሞተሯ።

“ይጠሩ።”

የባቡር ጣቢያው እያፏጨ መጣ። ባቡሩ ቆሞ ጠበቀው። ጣቢያው ሲደርስ ጋሽ ኪሮስ ወረዱ። ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ካቻቢቴ በደረት ኪሳቸው ሰክተው፣ ከውብሸት በዕድሜ ያነሱ ጎልማሳ ሆነው ነበር። ሰላምታ ሳይሰጡ የውብሸትን ሁለት እጆች ይዘው ገለበጧቸው። አውራ ጣቱን አጠፉ፣ ዘረጉ።

“ይህ እጅ የኔ ሥራ ነው” አሉ። “ሲመጣ እንዲህ አልነበረም።”

ማንጎ ሻጯ እስክሪብቶዋን አነሣች። “ታዲያ ኦሪጅናል አይደለም ብዬ ልጻፍ?”

“ኦሪጅናሉማ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር” አሉ ጋሽ ኪሮስ። “እኔ ነካ ነካ አደረግሁት። አምላክ አልተቆጣኝም።”

ውብሸት ያኔ፣ ለዓመታት ሳይነግራቸው የቀረውን ሊናገር ፈለገ። ሙያውን፣ ቤቱን፣ ስንዱን ያገኘበትን የሥራ ቦታ ሳይቀር ያገኘው ከእሳቸው ነውና እግዜር ይስጥልኝ ሊላቸው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን የሞተር ድምፅ ነበር። መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ከዚያ ሞልቶ፣ ረጅም። ውጭ የተሰለፉት ሹማምንት ሁሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሽ ኪሮስ የተበላሸ ነገር ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

“ደርሶኛል” አሉ። “ያኔም ደርሶኝ ነበር። ሰው ቁልፍ ሲቀበል መሬት መሬት ካየ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም።”

ውብሸት አለቀሰ። እንባው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተው። ከጋራዡ የተከተላቸው ባጃጅ ግን ጊዜ የለኝም እያለ መጋዝ ይዞ ወገቡ ዘንድ ቀረበ። ቀይዋ ሞተር አስቆመችውና፣ ወስኛለሁ፣ ልናገር ነው አለች። መብራቷን አበራች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ እና ስንዱ ትከሻውን ነቀነቀችው።

ሙራድ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ነበር። ውብሸት ተኝቶ ስላገኘው፣ መሪው ከፍ ማለት ይችል እንደሆነ ለማየት ብቻ የፊት ፕላስቲኩን ላውርድ ብሎ ስንዱን ጠየቃት፤ እሷም ፈቀደች። አሁን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቀዩን ፕላስቲክ እንደ ታቀፈ፣ መርዶ ይዞ እንደመጣ ሰው አቀርቅሯል።

ውብሸት ምን እንደሰበረ ጠየቀው። ሙራድ ምንም አልሰበረም። ፕላስቲኩን ገልብጦ ሰጠው። ውስጡ ቢጫ ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ ግማሹ ተቆርጦ፣ “ለመጠጥ ውኃ ብቻ” የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ከውኃ በርሜል በመጋዝ ተቆርጦ፣ በእሳት ታጥፎ፣ በውጭ በኩል ቀይ የተቀባ ነበር።

ሙራድ ከዚያ በኋላ አንዱን ካንዱ አስከትሎ ሲመለከት መቆየቱን ተናገረ። መሪው የሌላ ሞተር ነው። መቀመጫው የባቡር ወንበር ቆዳ ነው። ሽቦዎቹ አንድም የፋብሪካ የለባቸውም፤ ሁሉም ወደ ግራ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዘው ታስረዋል። ያን አስተሳሰር በድሬዳዋ የሚያስሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ፒጃማውን ለብሶ ግቢው መሀል ቆሟል።

“ኦሪጅናል ያገኘሁት ጥሩምባውን ብቻ ነው” አለ ሙራድ። “እሱም አይሠራም።”

ውብሸት በጣቱ የፕላስቲኩን ጠርዝ ዳሰሰ። ጋሽ ኪሮስ የማንንም ጉልበት እንዳይቧጥጥ ብለው ይመስላል፣ ዙሪያውን እንደ ሸክላ አለስልሰውት ነበር። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ስንዱ ያለቀሰ መስሏት ጠጋ ስትል ሲስቅ አገኘችው፤ ወገቡን ይዞ፣ ጋሼን እየመረቀ፣ እንባው እስኪወርድ።

“ቁረጠው” አለው ሙራድን። “ከስንዱ መቀመጫ ጀምር።”