የእትዬ የብርጓል ቅል

በየመንደሩ ከባለቤቱ ይልቅ ለሰው ሆድ የሚጨነቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አምበር አጠገብ ባለችው መንደራችን ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

እትዬ የብርጓል “እንዴት አደርህ” ብለው አያውቁም። “ሆድህ እንዴት አደረ?” ነው የሚሉት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ይጠይቃሉ፤ አንድ ጊዜ ሙሽራን ከበቅሎዋ ሳትወርድ ጠይቀዋታል። ከሩቅ ካየናቸው መንገድ እንቀይር ነበር።

የተያዘ ሰው ግን ትምህርቱን ሳይሰማ አይለቀቅም። “ሆድ ባዶ ቤት መሰለህ? ነዋሪ አለው። ደጎቹን ካልቀለብሃቸው ክፉዎቹ ይወርሱታል።” ከዚያ እርጎ ከቅላቸው ይቀዳል። ያ ቅል ተሟጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከሥሩ ጥቂት ይቀራል፣ አዲሱ ወተት በዚያ ላይ ይጨመራል።

ጣሊያን መንደራችንን ሲያቃጥል ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ሰው እህሉን፣ ልጁን፣ ጠመንጃውን ያዘ። እሳቸው ቅላቸውን አዝለው መጡ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል እንኳ ሳቅንባቸው።

በረሃው ውስጥ የምንጠጣው ውኃ ድፍርስ ነበርና ልጆቹ በተቅማጥ ወደቁ። የአራት ዓመቷ ልጄ ወለተ ሐዋርያት ዓይኗ ጎደጎደ። ትኩስ ወተት ብንሰጣት ባሰባት። ሆዷ የተቀበለው የእትዬ የብርጓልን እርጎ ብቻ ነው፤ በጣታቸው ያልሷት ነበር። በመካከሉ የነበረችን አንዲት ላም ነጠፈች።

“የቀረውን ሁሉ ይስጧት” አልኋቸው።

“የሥሩ አይነካም፣ ፈንታ። እሱ የነገዋ ነው።”

“ነገን ካላየችስ?”

ቅሉን ደረታቸው ላይ አቀፉት። በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና መምሬ ፍቅረ ሥላሴ የወተት ዕቃ ሁሉ እንዲታጠብ ሊያዝዙ መጡ። እትዬ የብርጓል ተነሥተው እጅ ነሡ።

“አባቴ፣ እኔ እጾማለሁ። ሕፃናቱና ቅሉ ግን አይጾሙም።”

መምሬ ቅሉን አዩ፣ ልጄን አዩ፣ ተመልሰው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት የራሳቸውን ፍየል ወተት ይዘው ተመለሱ። ከሥሩ ላይ ተጨመረ፤ አድሮ ረጋ። ልጄ እሱን እየጠጣች ሰነበተችና አንድ ቀን ቂጣ አምጡልኝ አለች። ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ አለቀስሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ወደ አገራችን ተመለስን። እትዬ የብርጓል ግን ያን ቀን ሳያዩ በረሃው አፈር ውስጥ ቀሩ። ዳገቱን ስንወጣ ቅላቸውን ያዘለችው ልጄ ናት።

ዛሬ እሷም ባለትዳር ናት። ጠዋት ጠዋት ጎራ ትልና ገና ከደጅ ሳለች፣ “አባባ፣ ሆድዎ እንዴት አደረ?” ትለኛለች። እንደ ድሮው ሰበብ ፈልጌ አልሸሽም። ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ።