የመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም

ሦስት የአበሻ ቤተሰብ በተጠጋጋበት ሰፈር ሁሉ አንድ «ገና ነው» ባይ አይጠፋም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው፤ የሌላው ሰው ነገር ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለውን ፍርድ ግን ከእሱ በቀር የሚሰጥ የለም። ቤት ልትገዛ ነው? ገና ነው። ልጅህን ልትድር ነው? ገና ናት። ጢምህን ልትላጭ ነው? እሱም ቢሆን ትንሽ ይሰንብት። እዚህ አሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባለው ሰፊ ግዛት ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ሥዩም ናቸው።

ጋሽ ሥዩም የሆቴል እንግዳ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ። መንገደኛውንም ሳይፈርዱበት አያወርዱትም። ሻንጣውን እያቀበሉት ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና በፈገግታ፣ በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ለመብረር ገና ነው» ይላሉ። አንዳንዱ እውነትም ፓስፖርቱን ሆቴል ረስቶ ይመለሳል። ያ ቀን ለጋሽ ሥዩም ዓመት በዓል ነው።

አንድ ዓመት በምስጋና ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህታቸው ተናኘወርቅ ቤት፣ ተርኪውን፣ የበዓሉን ትልቅ ዶሮ፣ እንዲጠብቁ ምድጃው አጠገብ ተሾሙ። ሴቶቹ ሊከፍቱት በመጡ ቁጥር «ገና ነው፣ ሙቀቱን አታስወጡበት» እያሉ መለሷቸው። በመጨረሻ የጢስ ማስጠንቀቂያው ራሱ ጮኸ። ጋሽ ሥዩም ከሰል የመሰለውን ወፍ በሹካ ነካ ነካ አደረጉና «አሁን ደረሰ» አሉ። ያን ቀን ሽሮ ተበላ።

ታዲያ ሰው ለምን ይሰማቸዋል? አንዳንዴ ስለሚይዝላቸው ነዋ። የልብ ወዳጃቸው አቶ አክሊል፣ በርክ በሚባል ሰፈር ቤት ሊገዙ ጫፍ ደርሰው ሳለ «ገና ነው፣ ተወው» አሏቸው። አቶ አክሊል እያዘኑ ተዉት። በዓመቱ ዝናብ ሲበረታ የዚያ ቤት ቤዝመንት በውሃ ተሞላ። ጋሽ ሥዩም ውሃው ሳይደርቅ ብለው በዚያኑ ዕለት አቶ አክሊልን ቫን ላይ ጭነው ወሰዱና ከመንገድ ማዶ አቁመው አስጎበኟቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ አክሊል ጫማ እንኳ የሚገዙት ደውለው ነው።

የእህታቸው ልጅ ሀሴት ጉዳይ ግን ከጫማም ከቤትም ይከብዳል። አባቷ እሷ ገና ስትድህ ስላረፈ፣ በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ የአባት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ሥዩም ናቸው። ቅርጫት ኳስ ልጫወት ያለች ጊዜ በወጣትነታቸው የሰፈር ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ነበሩና «በረኛ የሌለው ጎል ምን ይሠራል?» ብለው ተቆጡ። በወሩ ግን ሕጉን ከዳኞቹ በላይ የሚያውቁ እሳቸው ሆኑ።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ ሀሴት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሜዳ ላይ ፖይንት ጋርድ ናት፤ ኳሱን ይዛ ሌሎቹን ቦታ ቦታ የምታስይዝ ማለት ነው። እጇ እንደ ጭልፊት ነው። ጨዋታ ባለ ቀን ጋሽ ሥዩም ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግረው፣ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ትራፊክ እየረገሙ ይመጡና ከታች፣ ከተጠባባቂዎቹ ጀርባ ይቀመጡ ነበር። ፍርድም ወዲያው ይጀመራል። «አምስት ቁጥሯ ቁርስ አልበላችም። ያቺ ረጅሟ ጉልበቷ አላማረኝም። ዳኛው ገና ነው።» አጠገባቸው ሲቀመጥ የከረመ አንድ ፈረንጅ አባት፣ ልጁ ኳስ በሳተች ቁጥር «ጌና፣ ጌና» እያለ ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር።

«ሀሴትስ? ለኮሌጅ ደርሳለች?» ብሎ የማይጠይቃቸው አልነበረም።

«ገና ናት።»

ምክንያቱ በየሳምንቱ ይለዋወጥ ነበር። አንድ ጊዜ ግራ እጇ ነው፣ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቷ፣ አንድ ጊዜ ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር አጥባለች። እዚህ ላይ ግን አንድ ምስጢር አለ። ጋሽ ሥዩም መንገደኛ እስኪመጣ ሲጠብቁ የሚያዩት የሀሴትን ጨዋታ ቪዲዮ ነው። መንገደኛው ሲገባም ስልኩን አይዘጉም፤ ወደ ኋላ ያቀብሉታል። ከቴክሳስ ለስብሰባ የመጣ ሰው የሲልቨር ስፕሪንግን ሴት ልጆች ውጤት አውቆ ወደ አገሩ ይበራል። «የእህቴ ልጅ ናት» ይሉታል፤ «እንዲህ ያለች ልጅ በዚህ አገር አልተፈጠረችም።» ይህን ለተሳፋሪ እንጂ ለሀሴት ብለውት አያውቁም።

ሀሴት አንድ ጉድለት ነበረባት። ሜዳ ላይ አትናገርም። ፖይንት ጋርድ ደግሞ መጮህ አለባት፦ አንቺ ወደ ቀኝ፣ አንቺ ከኋላሽ፣ ኳሱን ወዲህ። ሀሴት በዓይኗ ትጠቁማለች፣ በቅንድቧ ትለምናለች፤ ድምፅ የለም። አስተዳደጓ ነው። ጋሽ ሥዩም በዚያ ቤት ያወጡት አንድ ሕግ አለ፤ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ጋሽ ሥዩም ደግሞ ተናግረው ስለማይጨርሱ፣ ልጅቱ ዕድሜዋን ሁሉ ስታዳምጥ ኖረች።

ባለፈው የካቲት የትምህርት ቤቷ አሰልጣኝ ለተናኘወርቅ ኮል አደረገላት። ከኦሃዮ የመጣች የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሀሴትን አይታታለች፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይዛ እሑድ ቤት ድረስ መጥታ ቤተሰቡን ልታነጋግር ትፈልጋለች። ቡድኑ ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። በዚያኑ እሑድ ደግሞ ሌላ ልጅ ቤት ቀጠሮ አላት። ተናኘወርቅ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስልኩን እንደዘጋች ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች።

«ቤት ድረስ ይመጣሉ?» አሉ ጋሽ ሥዩም።

«ሁለት ሆነው ይመጣሉ።»

«ልጅ ሊጠይቁ ቤት ድረስ ከመጡማ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለላት ልጅ ሰው ቤት ገብታ አትከበርም።»

«ወንድምጋሼ፣ ለኳስ ነው እኮ የሚፈልጓት።»

«ለምንም ይሁን። ይዘዋት ሊሄዱ ነው ወይስ አይደለም?»

ይዘዋት ሊሄዱ ነው።  ተናኘወርቅ ግን የሚቀልዱ መሰላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ሥዩም በግራጫ ሱፍ፣ አቶ አክሊል በጥቁር ሱፍ ሆነው ሳሎኑን ያዙ። አሰልጣኟ ከረዳቷ ጋር ገባች፤ ረዳቷ በሩን ጎንበስ ብላ ያለፈች ረጅም ወጣት ናት። ሳምቡሳ ፊታቸው ተቆለለ። ሀሴት ከኩሽናው በር አጠገብ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ ሥዩም በእንግሊዝኛ ሥራቸውን ጀመሩ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

አሰልጣኟ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን መለሰች። አባቷ ኢንዲያና ውስጥ ትራክተር ይጠግናል።

«አያትሽስ?»

«በቆሎ ያርስ ነበር።»

«የሰው ልጅ ናት» አሉ አቶ አክሊል በአማርኛ።

አሰልጣኟ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ሐኪሙ አስረዳች። ከዚያ ሳምቡሳዋን አስቀምጣ እቅጩን ተናገረች። «የሀሴትን እጅ እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ ዝምታዋ ነው። ዝም የምትል ፖይንት ጋርድ ቡድኑን ሁሉ ይዛ ትወድቃለች። ለዚህ ነው ቤት ድረስ የመጣሁት። እናንተ ታውቋታላችሁ፤ ዝግጁ ናት ትላላችሁ?»

ቤቱ በሙሉ ወደ ጋሽ ሥዩም ዞረ። እሳቸው ይህ ጥያቄ ከሚገባው ሰው አፍ እንዲወጣ ስንት ዘመን ጠብቀዋል። መልሱም በሆዳቸው አለ፤ ግማሹ የአሜሪካ መንገደኛ ሰምቶታል። ወግ ግን ወግ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገና ናት» አሉ። «ቤተ ዘመድ ይመክርበታል። ለፋሲካ ብቅ በሉ።»

ተናኘወርቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በእንግዳ ፊት የታላቅ ወንድሟን ቃል አታፈርስም፤ እንዲያ ሆና አልተወለደችም።

አሰልጣኟ ቦርሳዋን ዘጋች። «ግልጽ ስለሆናችሁ አመሰግናለሁ፤ የቤተሰቡን ውሳኔ አከብራለሁ» ብላ ተነሳች። ረዳቷም ተነሳች።

«አየህ» አሉ ጋሽ ሥዩም ለአቶ አክሊል በሹክሹክታ፣ ደስ ብሏቸው፤ «ተነሱ። አሁን ሊለምኑ ነው። ‹እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም› ይላሉ።»

አሰልጣኟ ጃኬቷን አነሳች።

«ጃኬቱን ለምን ያዘችው?»

«እንጃ» አሉ አቶ አክሊል።

አንድ እጅጌ ገባ። ጋሽ ሥዩም የሱፋቸውን ቁልፍ ፈቱ። በዕድሜያቸው ስንት ሽምግልና ተቀምጠዋል፤ እምቢ ሲባል አመስግኖ የሚሄድ ሽማግሌ ግን አላዩም፣ አልሰሙም። የሀሴትን ዕድል በገዛ አፋቸው ሸኙት። ቃላቸውን ደግሞ እንዴት ያጥፉታል? ሁለተኛው እጅጌ ገባ። ከዝምታ ንግግር ይሻላል ብለው ቆሙና «እንግዲህ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት...» ብለው ጀመሩ።

«ጋሽዬ፣ ይቁዩ። አሁን እኔ ነኝ የምናገረው።»

ሀሴት ናት። ቆማለች። ጋሽ ሥዩም አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ኮች፣ እምቢ አላሉሽም» አለች በእንግሊዝኛ፣ ጂም በሚሞላ ድምፅ። «ይሄ የመጀመሪያ ቀን ነው። በእኛ ቤት በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ አንቺ ደግሞ መለመን አለብሽ። አትቀመጪ፤ እዚያው ቁሚ። አንቺም አጠገቧ ቁሚ።» ረጅሟ ረዳት ሳታስበው ተጠጋች። ሀሴት ወደ አማርኛ ዞረች። «ጋሽ አክሊል፣ ወንበርዎን ወደ ጋሽዬ ይሳቡት፤ የሚያማክራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ማሚ፣ ፕሊስ፣ አታልቅሺ፤ ሳምቡሳውን ከመሃል አንሺልኝ። ጋሽዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ የሚለመን ሰው አይቆምም።»

ጋሽ ሥዩም ተቀመጡ።

«አሁን ኮች፣ ‹እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም› በይ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።»

አሰልጣኟ ሀሴትን ታያለች። «ይሄ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«እዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚናገር ታላቅ አለ» አለች ሀሴት።

አሰልጣኟ ጃኬቷን አውልቃ ለረዳቷ ሰጠች። ሁለት እጇን አጣምራ ከፊታቸው ቆመችና፣ የኢንዲያና ልጅ፣ የትራክተር ጠጋኝ ልጅ፣ እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም አለች።

«ምን ልበል?» አሉ ጋሽ ሥዩም ወደ አቶ አክሊል ዘንበል ብለው።

«መጀመሪያ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊትህን ቋጠር አድርግ።»

ቋጠር አደረጉ። ለወጉ ያህል ጥቂት ተመካከሩ። ከዚያ ጋሽ ሥዩም ቀና ብለው «ከተለመነ አይታለፍም» አሉ። «ልጅቱ ዝግጁ ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዝግጁ ናት።»

«ካለፈው ዓመት?» አለች ሀሴት። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዝም በይ፣ ታላቅ እየተናገረ ነው።»

«ኖ፣ ጋሽዬ፣ ሲሪየስሊ። ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሽ ሥዩም ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ብነግርሽ ልምምድ ታቆሚ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ልማዱ አልሞላም። አሰልጣኟ ሌላዋ ልጅ ቤት ደውላ ቀጠሮውን ስትሰርዝ ሁሉም ሰማ። ተናኘወርቅ አሁን እንደ ልቧ አለቀሰች።

ሀሴት በነሐሴ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኝ የሚመጣበት የአበሻ ቤት ሁሉ፣ ከፔትዎርዝ እስከ በርክ፣ ቀድሞ የሚደውለው ለጋሽ ሥዩም ነው። መጥተው ይቀመጣሉ፤ እንግዶቹንም ከበር ላይ ተቀብለው እንዴት እንደሚለመን ያሠለጥኗቸዋል። ጀርባቸውን ሲሰጡ የማናማቸው የለንም። ስልክ ቁጥሩን በቃላችን የያዝነው ሰው ቢኖር ግን ያው እሳቸው ናቸው።

በዚያ እሑድ ማግሥት አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ሾፌሮች ከሻይ ጋር ወሬ በሚቀዱበት ቤት፣ ጋሽ ሥዩም ታሪኩን ለገባ ለወጣው ያወሩ ነበር። አቶ አክሊል አንዲት ነገር እንዳትዘለል ፈለጉ።

«ልጅቱ በእንግዳ ፊት ከአፍህ ነጥቃ ‹ይቀመጡ› እንዳለችህም ንገራቸው እንጂ።»

ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ሥዩም ሻያቸውን አስቀምጠው ወዳጃቸውን ትክ ብለው አዩ።

«አንተን ልጆችህ በንግግርህ መሃል አቋርጠውህ ያውቃሉ?»

«ኧረ በፍጹም» አሉ አቶ አክሊል ኮራ ብለው።

ጋሽ ሥዩም እጃቸውን ሰደው የአቶ አክሊልን ትከሻ ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት።

«አይዞህ» አሏቸው፤ «ገና ናቸው።»