የአባ ገስግስ አሸዋ

የእኛ አገር ሰው ለአንድ ንብረት ሁለት ምላስ አለው። ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ በላከ ዕለት በሬው ተራራ ያክላል፣ የላሚቱ ወተት ዕቃ አይበቃውም፣ ማሳው ዘር ሳይጥሉበት ያበቅላል። ግብር ገማች ብቅ ባለ ዕለት ደግሞ ያው በሬ ዐጥንቱ የሚቆጠር፣ ያችው ላም ከነጠፈች የቆየች፣ ያው ማሳ ድንጋይ ብቻ የሚያፈራ ይሆናል። ሰውየውን ዋሸ አትበሉት። የሚናገረው ስለ በሬው አይደለማ፤ ስለ እንግዳው ነው! እኔም ብቸና ገበያ ላይ እህል ነጋዴ ነኝና ለገማች የማወጣው የሐዘን ፊት አለኝ፤ ከሌላው ዕቃዬ ጋር አብሮ ተቀምጧል። በዚህ ነገር የማላማው አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። እሳቸውንም በደንብ ያወቅኋቸው በፈረስ ግልቢያ ሰሞን ነው።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ሲጀምር፣ የብቸናና የሞጣ ፈረሰኞች እኛ ዘንድ ይገናኛሉ። ግልቢያው የሜዳ ብቻ አይደለም። ከከተማው ዳር ካለው መስክ ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ የድንጋይ ካብ ዘሎ፣ ኮረብታውን ዙሮ፣ በመጨረሻም አንድ ሰፊ ቦይ አልፎ እዚያው መስክ ላይ የሚያበቃ ረጅም መንገድ ነው። ጣጣው ግን አሸናፊው ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነበር፤ የሞጣው የአቶ አለኸኝ ግራጫ። ግራጫው መጣ ከተባለ የብቸና ፈረሰኛ ሁሉ ጉንፋን ይይዘዋል።

መላውን ያመጣችው የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር ፈቲያ ናት። ከደሴ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ለፈረስ ያላትን ፍቅር ያየ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ይላታል። በስልኳ የውጭ አገር ግልቢያ ስታይ “ሃንዲካፕ” የሚባል ነገር አገኘች፦ ብርቱው ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበታል፣ ደካማው ቀለል ይደረግለታል፣ ያን ጊዜ ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው “ጎበዝን የሚቀጣ ሕግ ከየት መጣ?” አሉ። ከየት መጣ? መሥሪያ ቤት ገብተው ቢያዩ! የሚሠራው ላይ ሥራ ይከመርበታል፣ የማይሠራው ሻይ ይጠጣል። እኛ ስሙን አናውቅም እንጂ ሃንዲካፕስ ነባር ባህላችን ነው።

ፈረሶቹን አይቶ ጭነት የሚመድብ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ የገባሁት በዕውቀቴ አይደለም፤ በሚዛኔ ነው። ፈቲያ ፈረሱን ትመረምራለች፣ ባለቤቱን ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ አሸዋውን በከረጢት መዝኜ በኮርቻው ግራና ቀኝ አስራለሁ።

የግምገማው ዕለት ታዲያ ጉድ አየን። ዓመቱን ሙሉ “የኔን ፈረስ ነፋስ አይደርስበትም” ሲል የከረመ ሁሉ ፈረሱን እንደ ሬሳ እያለቀሰለት መጣ። አቶ አለኸኝ “ይኼማ አርጅቷል፤ ያመጣሁት ቤት ብቻውን እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው” ሲሉ ግራጫው የሚዛኔን ገመድ በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። ሌላው ፈረሴ አንድ ዓይኑ አያይም አለ፤ አያይም በተባለው ዓይን በኩል ያስቀመጥሁት ገብስ ግን ሳላየው ተበልቷል። አንድ የብቸና ሰው ደግሞ የፈረሱን ግራ እግር በጨርቅ ጠምጥሞ “ያነክሳል” ብሎ አስመዘገበ። ከምሳ በኋላ ስናየው ጨርቁ ቀኝ እግሩ ላይ ነው።

በመጨረሻ አቶ ይስማው መጡ፣ ቡላ ፈረሳቸውን እየሳቡ። የፈረሱ ስም ገስግስ ነው። እንደ ድሮው ወግ ባለ ፈረስ በፈረሱ ስም ይጠራልና እሳቸውም አባ ገስግስ ይባላሉ፤ ከእኛ ዘንድ በፈረስ ስም የሚጠራ የቀረ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ክረምት ፈረሱ ያንኑ የግልቢያውን የመጨረሻ ቦይ ሲዘል ጥሏቸው ክንዳቸው ተሰበረ። ደጀን የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ልጃቸው ጌታነህ ደንግጦ መጣና ፈረሱ ይሸጥ አለ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር አባቴ ሞተ እያለ መባነን ሰልችቶት ነው። ገዥም አገኘ፣ ደጀን ያለ ባለ ጋሪ። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፦ ገስግስ በዘንድሮው ግልቢያ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ከሆነ ይቀራል፣ ካልሆነ ጋሪ ይገባል። ሽማግሌው ሱቄ ድረስ መጥተው “ስሜን ደጀን ላይ ሲሚንቶ ሊያስጎትቱት ነው” አሉኝ።

እንግዲህ አንካሳ ነው ማለት የሚገባው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ፈቲያ የፈረስዎ ድካም ምንድን ነው ብላ ብትጠይቃቸው “ድካም? የማን?” አሉ። እኔ ጉዳዩን አውቃለሁና በሩን ከፈት አደረግሁላቸው።

“አያ ይስማው፣ እንዲያው ዳገት ላይ አያለከልክም?”

“ያለከልካል ብዬ ልናገር? ነገ ሰው እኔን ምን ብሎ ይጥራኝ? እሱን ባማው የማማው ራሴን ነው። ዳገትም ቦይም አይፈራም። በሉ ጫኑ!”

ሕግ ሕግ ነውና ጫንን። ከግራጫው እንኳ የበለጠ ከባዱ አሸዋ የገስግስ ሆነ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከአሸዋ በታችም እንደሚውል ያን ዕለት አየሁ። ክንዳቸው ገና አልጠናምና የሚጋልብላቸውም ጠፍቶ ጌታነህ ራሱ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሻጩ ጋላቢ ሆነ። ከዚህ የባሰ ሃንዲካፕ አለ?

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ተባለና ተለቀቁ። ጠበል ሳይረጭ ታምር ሆነ! ዕውሩ ካቡን አይቶ ዘለለ፣ አንካሳው ከፊት ወጣ፣ ሊሞት የነበረው ግራጫ አቧራውን እያስነሣ ተከተለው። ገስግስ ከኋላ ነበር። ኮረብታውን ዙረው ሲመጡም ከኋላ ነበር። አቶ ይስማው አጠገቤ ቆመው በደኅናው እጃቸው ነጠላቸውን ጨብጠዋል። ጌታነህ ልጓሙን ትንሽ ሳብ ቢያደርግ የሚከሰው አልነበረም፤ አሸዋው ከብዶት ነው ይባላል፣ ያበቃል።

የመጨረሻው ቦይ ጋ ሲደርሱ የፊተኞቹ ጥቂቶቹ ተሻገሩ። ሌሎቹ አፋፉ ላይ ደርሰው እንቢ አሉ፣ ዞሩ፣ ተተረማመሱ። በዚህ መሐል አባቱ የወደቁበት ቦይ ፊት አንድ ድምፅ ተሰማ፦ “አባ ገስግስ! የአባ ገስግስ ልጅ!” የደጀኑ መለዋወጫ ሻጭ ነው! ገስግስ ከነአሸዋው ዘለለ። ሕዝቡ እልል አለ፣ እኔም አብሬ ጮኽሁ፤ የኮሚቴ ገለልተኝነቴ እዚያው ቦይ ውስጥ ቀረ።

አንካሳው አንደኛ ወጣ። ግራጫው ሁለተኛ፣ አንድ ዓይናው ሦስተኛ። ገስግስ አራተኛ።

አቶ ይስማው ቀረብ ብለው ፈረሱን አንገቱን ዳሰሱት፤ ከዚያ የልጓሙን ገመድ ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

“ቃል ቃል ነው። ውሰደው።”

ጌታነህ ላቡን እየጠረገ አያቸው። “የት ልውሰደው አባባ? የአባቴን ስም ለባለ ጋሪ ልሽጥ?” አለና ጨመረ፤ “ግን እርስዎ ከዛሬ ወዲያ አይወጡበትም። ግልቢያው ለኔ፣ ስሙ ለእርስዎ።”

ሽማግሌው የሚያለቅሱ መስሎኝ ዘወር አልሁ። አላለቀሱም። “ቦዩ ጋ ወደ ኋላ ተለጥጠሃል” ብለው ገሠጹት።

ከዚያ ወዲህ ፈቲያና እኔ ሌላ መከራ ገጥሞናል። የዚያን ቀን አሸናፊውን እምብዛም የጠየቀ የለም፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ የዋለው ያን አሸዋ ተሸክሞ ስለዘለለው ነው። አቶ አለኸኝ ከሞጣ ደውለው “ለመጪው ዓመት ለግራጫዬ ከገስግስ ያነሰ ብትጭኑ እንጣላለን” አሉኝ። የአንካሳው ባለቤት ደግሞ ጨርቁን ፈቶ ጣለና ፈረሴ ኩንታል ይችላል እያለ ሱቄ ይመላለሳል። ውሸቱ ያው ውሸት ነው፤ ፊቱን ብቻ አዞረ። ቢሆንም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይኼኛው ውሸት ደስ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ግብር ገማቾች ሱቄ መጡ። ገበያ እንዴት ነው ሲሉኝ እንደ ልማዴ የሐዘን ፊቴን አወጣሁ። በዚያው ቅጽበት አቶ ይስማው ገስግስን እየሳቡ በደጄ አለፉ፤ መንገደኛው ሁሉ “እንዴት ዋሉ አባ ገስግስ!” ይላቸዋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

“ተመስገን፣ ደኅና ነው” አልሁ። “በሉ ጫኑ።”

ጫኑ። ሚስቴ እስከ ዛሬ አላነጋገረችኝም።