የውጪዋ አማካሪ

ሱርያኮት በሁለት ትልልቅ ጎረቤቶች መካከል የተሰነቀረች የተራራ አገር ናት። ሕዝቡ አንዱን «ላይኛው»፣ ሌላውን «ታችኛው» ይላቸዋል። ስማቸውን መጥራት ያላስፈለገው ሁለቱም ሳይጠሩ የሚመጡ ስለሆነ ነው።

ኢንድራማያ የሻይ ለቃሚ ልጅ ናት። ፊደል የቆጠረችው ሻይ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ፖለቲከኞች በተለየ ዜና የሚያረጀው በስንት ቀን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ከቱልሲ ሸለቆ ተመርጣ ፓርላማ ስትገባ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቱልሲ ያላት ሀብት አንድ ምንጭ ብቻ ነው፤ እሱ የደረቀ ቀን ሻዩም ሰዉም አብሮ ይደርቃል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ክቡር ፑርናማን፣ በዚያ ሰሞን ለፎቶግራፍ የምትሆን አንዲት ሴት አስፈለገቻቸው።

«ምን እንስጣት?» ብለው ጸሐፊያቸውን ሐሪቦልን ጠየቁት።

«የውጪ ጉዳይ አማካሪ ያድርጓት» አለ ሐሪቦል። «ጉዳዩ ውጪ ስለሆነ ቤት ውስጥ አታስቸግርም።»

ተሾመች። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰማያዊ ሳሪዋን ለብሳ፣ የጻፈችውን ሁሉ በቦርሳ አጭቃ ገባች። ዘጠኝ ሚኒስትሮች ወንበር ወንበራቸውን ይዘዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀና ብለው አዩአትና «ውጪ» አሏት።

ኢንድራማያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ውጪ፣ ክቡርነትዎ፣ ለጊዜው ደህና ነው። ላይኛው መንገድ እየጠረገ ነው፤ ታችኛው ግን ዝምታ አብዝቷልና...»

ሳቁ ጣሪያውን አናወጠው። የእርሻ ሚኒስትሩ እንባውን እየጠረገ፣ «ኧረ ሪፖርት የጠየቀሽ የለም፣ እቴ! በሩ በስተግራሽ ነው» አላት።

ወጣች። ሐሪቦል ብዕሩን እንደያዘ ተቸገረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሾሟትን በዚያው ቀን አባረሩ ተብሎ በቃለ ጉባኤ አይጻፍ ነገር! አስቦ አስቦ፣ «አማካሪዋ ‹ውጪ ደህና ነው› አሉ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ «ውጪ፦ አማካሪዋ» የሚል ጨመረበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«የታችኛው መስመር መልካም ነው» አሉ። «ይህችን ‹አሉ› የምትለዋን ግን አርማት። ‹አሉ› ለእኛ ነው። ለእሷ ‹አለች› ይበቃታል።» ፈረሙም።

ውጪ፣ በረንዳው ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። በረኛው ካንቻ፣ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ ሻይ ይዞላት መጣ።

«እትዬ፣ ዋጥ ያድርጉት» አላት። ሻዩን ይሁን ስድቡን አልነገራትም። ሁለቱንም ዋጠች።

ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሄደ። በየስብሰባው ትገባለች፤ «ውጪ» ትባላለች፤ ትወጣለች። ምክሯን ጽፋ በበሩ ሥር ትልካለች፤ ምክሩ እዚያው ይቀርና መከራው ተመልሶ ይወጣል። በቱልሲ እንኳ ገበያተኛው ይቀልድባት ጀመር።

«ልጃችን የት ደረሰች?»

«ውጪ ናት።»

«ውጪ አገር?»

«የለም፣ በረንዳው ላይ!»

ይሁን እንጂ ውስጥ ያሉት ቢወስኑም ወሰኑ ያለው ውጪ ነው። አምባሳደር ሁሉ ተራውን የሚጠብቀው በዚያች አግዳሚ ላይ ነበር። መልእክተኛ ውስጥ ሲገባ የተላከበትን ይናገራል፤ ውጪ ሲቀመጥ ግን የሚያስበውን። ኢንድራማያ የማን ንጉሥ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የማን ጦር ደመወዝ እንደዘገየበት ሻይ እየጠጣች ሰማች። የበረንዳው በር ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። በእጇ የቀረው ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፦ ለውጪ እንግዶች ቀጠሮ መስጠት። ያንን ማንም ሥልጣን ነው ብሎ ስላልቆጠረው አልወሰዱባትም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ በከበደበት ወር፣ ከበሩ በስተጀርባ የቱልሲን ስም ሰማች። ምንጩ ከነተራራው ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ለታችኛው ሊሰጥ ነው፤ ፊርማው ሐሙስ ነው።

«ሰዉስ?» ብሎ ጠየቀ አንድ ሚኒስትር።

«ሰው እግር አለው» አሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ።

የኢንድራማያ አባት ዛሬም እዚያው ሸለቆ ሻይ ይለቅማል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እግር አለው ለማለት እንኳ ያስቸግራል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ የታችኛውን መልእክተኛ ለሐሙስ፣ የላይኛውን ደግሞ ምንም አልተደረገም ብለው ሊያባብሉት ለዓርብ እንድትጠራላቸው አዝዘዋት ነበር። እሷም ጠራችላቸው። ቀኑን ብቻ ተሳሳተች። ሁለቱም «ሐሙስ፣ አራት ሰዓት» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው።

ሐሙስ ወደ ስብሰባው ገባች። «ውጪ» ተባለች። ስትወጣ ሁለቱ መልእክተኞች በአግዳሚዋ ጫፍና ጫፍ ላይ፣ ሊካሰሱ እንደመጡ አማቾች ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። መካከላቸው ገባችና ተቀመጠች፤ ልክ ሱርያኮት በካርታው ላይ እንደተቀመጠችው።

«ውስጥ ምን አሉ?» አላት የታችኛው መልእክተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውጪ አሉኝ።»

«ምን ማለት ነው? ውጪውን ለእርስዎ ሰጡ?»

«እዚህ በር ላይ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ከእኔ ሌላ ማንን ውጪ ሲሉ ሰምተዋል?»

መልእክተኛው አሰበ። እውነትም ሌላ ሰው ሲሉ አልሰማም። በዚህ መሐል የላይኛው መልእክተኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ አንድ ምንጭ ደብዳቤ ተጻጽፏል ይባላል» አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

የታችኛው መልእክተኛ ሳያስበው ኪሱን ዳሰሰ። «የግል ሰላምታ ነው» አለ።

«የግል ከሆነማ ለባለቤቱ ላድርስልዎ» አለች ኢንድራማያ፣ መዳፏን ዘርግታ።

የላይኛው መልእክተኛ ያያል። ሰላምታን ደግሞ በሰው ፊት አይደብቁትም። ሰጣት። እሷም ከቦርሳዋ ጠርዙ የወየበ ወረቀት አወጣች፤ ከስድስት ዓመት በፊት በበሩ ሥር የላከችው ምክር ግልባጭ ነው። «ምንጩ የቱልሲ ነው። ላይኛው አይገድበውም፤ ታችኛው አይነቅለውም፤ ወርዶ የደረሰውን ሁሉም ይጠጣ» ይላል። ሌባም ቢሆን በሌላ ሌባ ፊት ጨዋ መምሰል ይወዳል። ካንቻ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ጠረጴዛ አደረገላቸው፤ ሁለቱም ፈረሙ።

«ቀስ በሉ፣ ጌቶቼ፣ ይኮረኩረኛል» አለ ካንቻ።

ኢንድራማያ ሳታንኳኳ ገባች።

«ውጪ ብዬሻለሁ እኮ!»

«ከዚያው ነው የመጣሁት፣ ክቡርነትዎ። ውጪው አልቋል።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንብበው ቲማቲም መሰሉ። «ማን ሥልጣን ሰጠሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ሐሪቦል ያንብብልዎ።»

ሐሪቦል የዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ ገለጠ። «ውጪ፦ አማካሪዋ» ብሎ አነበበ። ገጽ ገለበጠ። «ውጪ፦ አማካሪዋ።» ደግሞ ገለበጠ። ከእያንዳንዱ ሥር የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊርማ፣ ጭራው ሳይቀር፣ ቁጭ ብሏል።

ቀጥላ ያንን የግል ሰላምታ ለሚኒስትሮቹ አቀበለቻቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ለቱልሲ ለውጥ፣ ለክቡር ፑርናማን አንድ ኒሻንና በታችኛው ዋና ከተማ አንድ ቪላ ይላል። ሚኒስትሮቹ የቱልሲን ነገር ያውቁ ነበር፤ የቪላውን ግን ማንም አልነገራቸውም። የአገር ፍቅር በአንዴ ገነፈለባቸው። የእርሻ ሚኒስትሩ ወንበሩን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈቀቅ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ወለሉ በወንበር እግር ተንጫጫ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዙሪያቸውን ቢያዩ አጠገባቸው የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

«አንቺ... እስቲ ምን ትመክሪኛለሽ?» አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምክር ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጎንበስ አለችና በጆሯቸው መከረቻቸው። አንዲት ቃል ነበረች። ዕድሜዋን «እርስዎ» ስትላቸው የኖረች ሴት ናት፤ በዚያች ቃል ውስጥ ግን «እርስዎ» አልነበረበትም። ከእሳቸው ሌላ የሰማው ሐሪቦል ብቻ ነው፤ ብዕሩም ቀድሞ ተነሥቷል።

«እንዳትጽፈው!» አሉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ። «ስለ ቻይነቷ ጻፍ። የእኔን ክብር የማይነካ ነገር ጻፍ!»

ሐሪቦል በዚህኛው አልተቸገረም። አንድ መስመር ጽፎ አቀረበላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ነው! እውነት ነው፣ ዋጠችው፤ ይኸው ግን አለች፣ ምን ጎደለባት?» ብለው ፈረሙ። «አለች» የምትለዋንም ራሳቸው ያዘዟት ናትና ማረም አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ምርኩዛቸውን አነሡ። ካንቻ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተላቸው። ሻይም አፍልቶ ነበር።

የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ዛሬም በመዝገብ ቤት አለ። ፈራሚው ክቡር ፑርናማን ናቸው፤ የተጻፈውም ይኸው ብቻ ነው፦

«አማካሪዋ ዘጠኝ ዓመት የተባለችውን ውጣ አለች።»