ሌላው ሁሉ ባለበት ይቁም

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ባይኖሩ ኖሮ የሰው ልጅ ለምን እንደተቸገረ ሳያውቅ ይቸገር ነበር። ምስጋና ለእነሱ ይግባና ዛሬ የሚቸገረው በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶት ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ ማብራሪያ አንሷት አያውቅም። ሁለት ዶክተሮች ነበሯት። አንደኛው የከተማው ምክር ቤት ዋና የምጣኔ ሀብት አማካሪ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ «ዶክተር ባለበት» ይላቸዋል። ስለምንም ነገር ይናገሩ፣ ስለ ዝናብም ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ይህ የሚሆነው ታዲያ ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ ነው» ሳይሉ አይቀመጡም። ሁለተኛው ምክትላቸው ናቸው፤ የእሳቸው ቅጽል «ዶክተር በሌላ በኩል» ነው፣ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሲኖሩ በአንድም ነገር ተስማምተው አያውቁም። የቢሮው መስኮት ይከፈት ወይስ ይዘጋ በሚለው ላይ እንኳ እያንዳንዳቸው ጥናት አቅርበው፣ መስኮቱ ይኸው ገርበብ እንዳለ ይኖራል።

ነገሩ የተጀመረው በዳቦ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት የሚነሳው ሰልፍ ቀስ በቀስ ጫማ ጠጋኙን አለፈ፣ ፋርማሲውን ዞረ፣ በመጨረሻም የከንቲባውን መኪና መውጫ ዘጋ። ፋርማሲው ጋ እስኪደርስ የሕዝብ ትዕግሥት ጉዳይ ነበር። የከንቲባው መኪና ጋ ሲደርስ ግን የልማት አጀንዳ ሆነና አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

ከንቲባው ድሮ የሕንፃ ተቋራጭ የነበሩ፣ ነገር ሲረዝም ላብ የሚያጠምቃቸው ሰው ናቸው።

«እሺ ዶክተር፣ ዳቦ ላይ ዋጋ ብንጨምር ሰልፉ ያጥራል ወይስ አያጥርም? ባጭሩ!»

ዶክተር ባለበት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «ያጥራል» አሉ። «ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ።»

«በሌላ በኩል» አሉ ምክትላቸው፣ «ሰው ነገ ደግሞ ይጨምራል ብሎ ስለሚሰጋ ይጋፋል። ሰልፉ ይረዝማል። ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» ከንቲባው ከወንበራቸው ተነሱ። «አሁን ምን አላችሁ? እሳቸው “ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ” አሉ። እርስዎም አሉ። ተስማማችሁ እኮ!»

ሁለቱ ዶክተሮች እንደተያዘ ሌባ ተያዩ።

«ሁለት ኢኮኖሚስት የተስማሙበትን ነገር ሥራ ላይ ያላዋለ አስተዳደር ታሪክ ይፋረደዋል!» አሉ ከንቲባው ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ከነገ ጀምሮ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቁም!»

ዶክተር ባለበት «የለም፣ ይኼ እኮ እንዲያው ለወረቀት የምንለው ነው» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ጭብጨባው ቀደማቸው። የሰጡት ምክር ሥራ ላይ ሲውል ዕድሜ ልካቸውን አይተው አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አፋቸውንም መልሰው ዘጉት።

በማግስቱ «የዳቦ ዋጋ ጭማሪ በሰልፍ ርዝመት ላይ ያለውን ተፅዕኖ ማጥናት ይቻል ዘንድ፣ ከዳቦ ዋጋ በስተቀር ሌላው ሁሉ ባለበት እንዲቆም የወጣ መመሪያ» በየግድግዳው ተለጠፈ። አስፈጻሚ ግብረ ኃይልም ተቋቋመ፣ ክንዱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሠረ።

መመሪያው ያስገኘው ፍሬ ተነግሮ አያልቅም። ኪራይ ሊጨምሩ ያሰቡ አከራዮች ታገዱ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ደሞዝ ሊጨመርለት የነበረውም ታገደ፤ እልልታው ባለበት ቆመ። የታጨች እንደታጨች፣ የተጣላ እንደተጣላ፣ ጉንፋን የያዘው እየሳለ እንዲቆይ ተነገረው። ጸጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ራስ ግማሹን ላጭቶ ሳለ መመሪያው ስለደረሰው መላጫውን አስቀመጠ። ሰውየው በመንገድ ሲሄድ ግማሹ ጎፈሬ፣ ግማሹ መላጣ ነው። «ኧረ አፈርኩ፣ ልጆቼ ሳቁብኝ» ብሎ ቢያመለክት፣ የግብረ ኃይሉ ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ከእንግዲህ ተራ ሰው አይደለህም። ቋሚ መረጃ ነህ» አለው። ሰውየውም እያከከ ሄደ።

ታዲያ በዶክተር ባለበት ቤት አንድ ባለበት ሊቆም የማይችል ነገር ነበረ። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል። ብዙ ዓመት ጠብቀው፣ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ከርመው፣ ተስፋ ቆርጠው የልጅ ነገር ማንሳት ሲተዉ የመጣ እርግዝና ነው። ዶክተሩ በድብቅ የሕፃን ካልሲ ገዝተው የቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ አንዳንዴም ኪሳቸው ከተው ስብሰባ ላይ ይዳብሱታል።

«ስማ» አለቻቸው ባለቤታቸው አንድ ምሽት፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ። የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ስትጠይቅ ተማሪ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። «መመሪያችሁ የሕዝብ ቁጥርም ባለበት ይቁም ይላል?»

«እንደ መርህ፣ አዎ። ሰው ሲጨመር የዳቦ ፍላጎት ይጨምራል። ጥናቱን ያዛባል።»

«የኔስ ልጅ?»

«የጨቅላ ሕፃን የዳቦ ፍላጎት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ብዬ ማስታወሻ አስገብቻለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ምክትሌ፣ በሌላ በኩል የምታጠባ እናት ለሁለት ትበላለች አለ።»

ልጃቸውን ሊያርሱ ጓዛቸውን ይዘው የመጡት አማታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «ወይ ጉድ! ለተማረ ሰው ዳርኳት ብዬ ስኩራራ! አንተ ልጅ፣ ምጥ መመሪያ ያነባል?»

«እማማ፣ ጊዜያዊ ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው።»

«ጥናቱ መቼ ያልቃል?»

«ውጤቱ ሲታወቅ።»

«ውጤቱስ መቼ ይታወቃል?»

«ጥናቱ ሲያልቅ።»

አማት ልጃቸውን አዩዋት፣ ልጃቸው ጣሪያውን አየች።

ምጡ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ዶክተሩ ባለቤታቸውን ደግፈው፣ አማታቸው ቦርሳ ተሸክመው፣ ሆስፒታል ደረሱ። የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከጠረጴዛው ኋላ አረንጓዴ ጨርቅ ያሠረ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«ዶክተር!» ጎልማሳው በደስታ ብድግ አለ። «ተማሪዎ ነበርኩ እኮ! “ሌላው ሁሉ ባለበት” ያሉንን እስከዛሬ በቃሌ ነው የምይዘው!»

«ጎሽ፣ ጎሽ። ባለቤቴን ምጥ ይዟታል፣ አሳልፈን።»

ጎልማሳው ሳቅ አለ። «እየፈተኑኝ ነው አይደል? ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበር የሚያደርጉን። “አባታችሁም ቢለምናችሁ ቋሚውን እንዳትነኩ” ይሉን ነበር።»

«አልፈተንኩህም! እውነቴን ነው!»

«ያኔም እንደዚሁ ነበር የሚሉን» አለ ጎልማሳው፣ የበለጠ እያደነቃቸው።

«እናንተ ሰዎች!» ባለቤታቸው የበሩን መቃን ይዛ ጮኸች። «ልትጨርሱ ነው ወይስ እዚሁ ልውለደው?»

ዶክተሩ እጇን ያዙ፤ በላብ ርሶ ቀዝቅዟል። ፈሩ፣ በእውነት ፈሩ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቁት ልጅ በር ላይ ሊቀርባቸው ነው። «ይኼ መመሪያ ቂልነት ነው፣ ቅደደው!» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ያን ካሉ ነገ የማን አማካሪ ይሆናሉ?

«ድምሩ!» አሉ በድንገት። «የሕዝብ ቁጥር ባለበት ይቁም ማለት ድምሩ አይለወጥ ማለት ነው። አንድ የሚወጣ ካለ አንድ መግባት ይችላል!»

ጎልማሳው ግንባሩን መታ። «እንዴት አላሰብኩትም! ላይ ፎቅ እኮ አንድ አዛውንት አሉ። መመሪያው ከወጣ ጀምሮ እያጣጣሩ ነው፤ እንዳይሞቱ ከልክለናቸው እንጂ።»

ባለቤታቸውን ለጊዜው መተላለፊያው ላይ አስቀምጠው፣ ደረጃውን እየዘለሉ ወጡ። አዛውንቱ በአልጋቸው ላይ ናቸው፤ ዙሪያቸውን ልጆችና የልጅ ልጆች ሞልተውታል።

«አባቴ» አሉ ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «በምትክ የሚገባ ሰው አግኝተናል። ፈቃድዎ ከሆነ...»

«ልትለቁኝ ነው?» አሉ አዛውንቱ ዓይናቸውን ገልጠው። «ተመስገን። መሄዱስ አልከበደኝም ነበር። እነዚህ ሊሰናበቱኝ መጥተው እናንተ አትነቃነቁ ስላላችኋቸው፣ ሌት ተቀን እያወሩ እንቅልፍ ነሱኝ እንጂ።» ልጆቻቸውን በተራ ሳሙ፣ መረቁ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ አረፉ። በከተማዪቱ በመመሪያው መሠረት የሞቱ የመጀመሪያው ዜጋ ናቸው።

ታች የማዋለጃው በር ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ናት። ዶክተር ባለበት ካልሲውን ከኪሳቸው አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉበት።

«አንድ ወጪ፣ አንድ ገቢ» አለ ጎልማሳው። «ድንቅ ነው ዶክተር፣ ሚዛኑ ቁጭ አለ!»

«ቆዩ» አለች አዋላጇ ከውስጥ። «ሌላ አለ!»

መንታ መሆናቸውን ማንም አላወቀም ነበር። የሆስፒታሉ አልትራሳውንድ መመሪያው ሲወጣ ከብዙ ወር ጀምሮ ተበላሽቶ ስለነበረ፣ እንደተበላሸ እንዲቆይ ተደርጓል። ሁለተኛዋም ሴት ናት፤ ከእህቷ ይልቅ ጩኸቷ ይበረታል።

ጎልማሳው ፊቱ ጠቆረ። «ዶክተር... ትርፍ መጣ። ላይ ፎቅ ደግሞ ሌላ የሚሞት የለንም። ምን እናድርግ?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ማንኛውም ጥናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሚፈቀድለት የስህተት መጠን አለው። ሁለተኛዋን ስህተት በላት።»

ጎልማሳው እፎይ ብሎ መዘገበ። የመጀመሪያዋ፣ ሕፃን። ሁለተኛዋ፣ ስህተት።

«ምን አልክ?» አለች ባለቤታቸው ከአልጋው።

«ጊዜያዊ ነው» አሉ።

የጥናቱ መዝጊያ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተካሄደ፣ በሬዲዮም በቀጥታ ተላለፈ። ሰልፉ አላጠረም፣ አልረዘመምም። ሰልፈኛው ከተሰለፈበት ንቅንቅ እንዳይል ታዞ ስለነበር ይህ ብዙም አላስገረመም። የዳቦው ዋጋም ቢሆን ፈጽሞ እንዳልጨመረ ታወቀ። ዳቦ ጋጋሪው አዲሱን ዋጋ ሊጽፍ ሲል ግብረ ኃይሉ «ዋጋው ይጨመር፣ ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ ግን ባለበት ይቁም» ብሎ ጠመኔውን ተቀብሎታል። ከንቲባው ግን ከተማዪቱ ያለምንም ለውጥ ላስመዘገበችው መረጋጋት ሁለቱንም ዶክተሮች ሸለሙ።

ዶክተር ባለበት ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ሲጠለቅ ልባቸው ሞቀ። «ክቡር ከንቲባ» አሉ፣ «ውጤቱ ከዚህም የጠራ ይሆን ነበር። ያዛባብን በማዋለጃ ክፍል የተከሰተ አንድ ስህተት ነው።»

«በሌላ በኩል» አሉ ምክትላቸው ማይክሮፎኑን ነጥቀው፣ «ሁለተኛዋ ትክክል ናት። ስህተቷ የመጀመሪያዋ ናት።»

ክርክሩ ጦፈ። ከዶክተሩ ሴት ልጆች የትኛዋ ስህተት እንደሆነች የሚያጣራ ኮሚቴ እዚያው ተቋቋመ።

ዶክተር ባለበት ሜዳሊያቸውን እያንሿሹ ቤታቸው ሲደርሱ፣ በሩ ላይ ሻንጣቸው ቆሟል። ባለቤታቸው አንዷን ልጅ አቅፋለች፤ አማታቸው ሌላዋን። ከሳሎን ሬዲዮው እስካሁን ያጨበጭባል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥናት ነው።»

«የምን ጥናት?»

«የቤት ሰላም ጥናት። ቤቱ ባለበት ይቆማል። እማዬ ባለችበት። ሁለቱም ልጆቼ፣ ሁለቱም፣ ባሉበት።» ሻንጣውን በእግሯ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለውጠው።»

ዶክተሩ የሙያ ሰው ናቸውና መጀመሪያ ያደረጉት በአሠራሩ ላይ ግድፈት መፈለግ ነው። ከላይ ጀመሩት፣ ከታች ጀመሩት። አጡ።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ጥናቱ እስኪያልቅ።»

«መቼ ያልቃል?»

«ውጤቱ ሲታወቅ!» አሉ አማታቸው፣ በሩን እየዘጉ።

ያን ዕለት ቢሮ አደሩ። ጠዋት ምክትላቸው ገብተው ሻንጣውን አዩ፣ የተጨማደደውን ሱፍ አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን አንድ ጥንድ ካልሲ አዩ። ዶክተር ባለበት ሁሉንም ነገሯቸው፤ ባለቤታቸው ያለችውን አንድም ሳያስቀሩ።

ምክትላቸው ካልሲዋን አንስተው አገላብጠው አዩ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«ልክ ናት» አሉ በመጨረሻ።

«በሌላ በኩልስ?» አሉ ዶክተር ባለበት፣ በልመና ዓይን እያዩዋቸው። «ግድ የለህም፣ በሌላ በኩል በለኝ እንጂ!»

«ይኼ ሌላ በኩል የለውም» አሉ ምክትላቸው። ተነሱና፣ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ ገርበብ ብሎ የኖረውን መስኮት ዘጉት። ዶክተር ባለበትም አልተቃወሙም።