የዕርቅ ሳንዱዊች

ሰው በዳቦ መሃል የሚከተውን አይታችሁ ኑሮውን መገመት ትችላላችሁ። ሳንዱዊችን የፈጠረው ቁማር ይዞት ከጠረጴዛው መነሳት ያቃተው አንድ የእንግሊዝ ባላባት ነው ይባላል። ለእኛ ጣሊያን ፉርኖውን ትቶልን ሄደ፤ መሃሉን የሞላነው ግን ራሳችን ነን። ያገኘ እንቁላል ጠበሰበት። ያላገኘ ድንችና ቃሪያ ጠቅጥቆ “እርጥብ” አለው። ዛሬ ቦሌ ላይ ዳቦው ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ፣ ቱናና አቮካዶ ተከራይተውበት፣ እንዳይፈርስ አናቱ ላይ ስቴኪኒ ተሰክቶበት ይመጣል። እንደ ሰፈሩ ሕንፃ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ሲነኩት ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። አጥንቼው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ከፉርኖ ቤት ፉርኖ ቤት እየዞርኩ፣ ያረጁ ጋጋሪዎችን እየጠየቅኩ የጻፍኩት ጥናት ነበረኝ። ረቂቁን “እስቲ እየው” ብዬ ለባልደረባዬና ለአብሮ አደጌ ለፍሬው ሰጠሁት። አየው። በጣም ስለወደደው በራሱ ስም አሳተመው። ዛሬ ዶክተር ፍሬው ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ስለ እርጥብ ይተነትናል። እኔ አያት ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ እያየሁት ምራቄን እውጣለሁ። ከርሃብ አይደለም።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ሁለታችንንም ያሳደጉን የሰፈር አባት ጋሽ ወርቁ “ይህ ቂም ይብቃ፣ ላስታርቃችሁ” አሉ። ካሳ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፍሬው በሽማግሌ ፊት “ጥፋቱ የእኔ ነው” ይበል። ቦታውን እሱ መረጠ፤ ኢምፔሪያል አጠገብ ያለ ካፌ። ምግቡንም እሱ አዘዘ፤ ለሦስታችንም የጾም ክለብ ሳንዱዊች።

ጣጣው ታያችሁ? የተጣላ ሰው ከአንድ ትሪ ቆርሶ ነው የሚታረቀው። በየሳህኑ በመጣ ሳንዱዊች ማን ከማን ይታረቃል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የዋሉት ጋሽ ወርቁ ግን መላ አላጡም።

“ተጎራረሱ!”

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ቃሉን ይናገራ” አልኩ።

“እህል ከቃል ይበልጣል። በሞቴ!”

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል። ፍሬው ሦስቱን ፎቅ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ አፌ አስጠጋ። ጉርሻ እኮ ተጠቅልሎ የሚገባ ነገር ነው፤ ለዚህኛው ግን አፍ ብቻ ሳይሆን በር ያስፈልገዋል። ስገምጠው ቲማቲሙ በሸሚዜ ላይ ወረደ፤ ድንቹ ተከተለው። ተራው የእኔ ሲሆን ትንሽ ጠለቅ አድርጌ ገፋሁለት። አልዋሽም።

“በል አሁን ተናገር” አልኩት።

ጉንጩ እንደተወጠረ እጁን አወዛወዘ፤ ቆይ ልዋጥ ማለቱ ነው። ዋጠ። ውኃ ጠጣ። “ያው እንግዲህ፣ በሁላችንም በኩል…” ብሎ ጀመረ።

“አበቃ!” አሉ ጋሽ ወርቁ። “እህል ተቃምሳችኋል። ይቅር የማይል ሰው ጾሙ ምን ጾም ነው?”

ይህን ብለው የራሳቸውን ሳንዱዊች ደህና አድርገው ገመጡ። ደገሙም። ጣታቸው ላይ የቀረውን ነጭ ነገር ላስ አድርገው አስተናጋጇን ጠሩ።

“ልጄ፣ ይቺ የምትጣፍጠው ምንድን ናት?”

“ማዮኔዝ ነው አባባ።”

“ከምን ይሠራል?”

“ከዘይትና ከእንቁ…” አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሽ ወርቁ ከወንበራቸው ተነሱ። “አንቺ ልጅ! ጾሜን አስገደፍሽኝ! እግዜር ይቅር ይበልሽ እንጂ እኔስ አልልሽም!” ካፌው በሙሉ ዞሮ አየን። የእኔን የዕድሜ ልክ በደል በሁለት ጉርሻ የዘጉ ሰው አንድ እንቁላል ይቅር ማለት አቃታቸው። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች።

ያን ጊዜ ፍሬው ብድግ አለ። አንገቱን ደፋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ጥርት ባለ ድምፅም፣

“ጋሼ፣ እሷን ይተዉአት። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ።

ስንት ዘመን የጠበቅኳት ዓረፍተ ነገር ናት። አንድም ቃል አልጎደለባት። ለእንቁላሉ ሆነች።