በሥራ ሰዓት ቤቱ የተገኘ ሰው

በሥራ ሰዓት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተባሯል! አስመራ ውስጥ ሦስተኛ ምክንያት የለም። እኔ ሦስተኛውን ላስለምድ ብዬ ስንት ጉድ አየሁ መሰላችሁ...

ሥራዬ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። ነጻነት ከመጣ ወዲህ ሁሉም ቤት ልሥራ ብሎ ስለተነሳ ቢሯችን ገበያ ሆኗል። እርሳስ ባነሳሁ ቁጥር አንዱ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ "ይቺ መስኮት አልጠበበችም?" ይለኛል። እናንተ ብትሆኑ አታብዱም? አለቃዬን ለምኜ ለምኜ ቤቴ እንድሠራ ፈቀደልኝ።

"ግን ዓርብ አንዲት ስህተት ካገኘሁ፣ ተመልሰህ እዚሁ ጫጫታ ውስጥ ነህ!" አለኝ።

ፓራዲዞ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ በሬን ቆለፍኩ። እፎይ! ባለቤቴ ሰናይት የመጣውን ሁሉ "አሁን ሰው ማየት አይችልም" እያለች ትመልስልኛለች። በሁለት ቀን ፕላኑን ጨርሼ በራሴ ኮራሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን አሮጊቷ አደይ ለተብርሃን ብርቱካን ይዘው፣ ከኋላቸው የሰፈሩን ግማሽ አስከትለው ቆመዋል።

"ምሕረት ይሃብካ ወደይ፣ ይማርህ ልጄ! ምንህን ነው ያመመህ?"

"ኧረ ደኅና ነኝ አደይ! ሥራ ላይ ነኝ!"

"ውይ፣ ያቃዠዋል!" አሉ ወደ ሰናይት ዞረው።

ሳሎኑ ሞላ፤ ሻሂ ፈላ። እኔ በንዴት ጨስኩ! በዚህ መሃል ጡረታ የወጡት ግንበኛ ኣቦይ ተስፋይ መነጽራቸውን አድርገው ፕላኑ ላይ አጎነበሱ።

"እዚህ ሽንት ቤት በየት በኩል ነው የሚገባው?"

"በበሩ ነዋ!"

"በየትኛው በር?"

አየሁ። ደግሜ አየሁ። አራት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት... በር የሚባል የለም! ላብ አጠመቀኝ።

"አላልኳችሁም? ትኩሳት ነው" አሉ አደይ ለተብርሃን።

ዓርብ አለቃዬ የታረመውን ፕላን አገላብጦ "አየህ፣ ሰው ማንም ሳይነካካው ሲሠራ!" አለኝ። ደስ ብሎት ሌላ ፕላን አስይዞ ወደ ቤቴ ሰደደኝ።

ሰኞ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ጠበቅሁ። ማንም የለም። ማክሰኞም የለም! ለካ ሰናይት በየቤቱ ዞራ "ድኖልኛል፣ የቐንየለይ" ብላ አመስግናለች። አዲሱ ፕላን ላይ የማየው ሁሉ ትክክል መሰለኝና ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ። ረቡዕ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ የአደይ ለተብርሃን መስኮት መከፈቱን አረጋገጥኩና... ጮክ ብዬ አሳልኩ።